የፎቅ ቤት ስንገዛ ከክፍሉ ቁጥር ይልቅ አቀማመጡን ስለ መመልከት

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባዔ ላይ ጥቂት ነገር እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ትምህርቴም እንደምታውቁት ከ6ኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ብዙ የቤት ማኅደርና ፕላን በእጄ አልፏል። ጡረታ ከወጣሁም ወዲህ ከመካከላችን ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው «ጋሼ፣ እስቲ አብረውኝ ይዩልኝ» ሲለኝ ሜትሬን ኪሴ ከትቼ እሄዳለሁ። የምነግራችሁም በዚህ መንገድ ያየሁትንና የለካሁትን ነው።

ይህ ነገር ዕድርን ምን አገባው? የሚል ይኖራል። በእኔ አስተያየት በሁለት በኩል ይመለከተዋል። 1ኛ/ ከእኛ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው። ገንዘቡም የስንት ዓመት ቁጠባ፣ ልጅ ከዐረብ አገር የላከችው ወይም ከባንክ የተበደሩት ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም። 2ኛ/ ሰው የሚያረጀውም፣ የሚታመመውም፣ የሚሞተውም በዚያው በገዛው ቤት ውስጥ ነው። እኛም በደስታውና በኀዘኑ የምንደርሰው እዚያው ነው። ስለዚህ ቤቱ ሰው የሚያስቀምጥ፣ በሽተኛ የሚያስተኛ፣ ለቀስተኛ የሚያስገባ መሆን አለመሆኑ የሁላችንም ጉዳይ ነው።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ ባጭሩ ላስታውስ። በከተማችን በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የምንለው ቤት ሥራ በ1996 ዓ.ም. በቦሌ ገርጂ ለሙከራ ተጀመረ። ባለቤትነቱን የሚመለከተው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ቀደም ብሎ በ1995 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ ለቤት ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባለ እንደገና ተመዘገበ። የፊተኛው ቁጥር ተመዝጋቢው ቆጥቦ የሚከፍለው፣ የኋለኛው በባንክ ብድር የሚሸፈነው ከመቶው ስንት እንደ ሆነ ያመለክታል። እነ ጎፋ፣ ጀሞ፣ ሰሚት፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮየ ፈጬ በዚህ መንገድ ሰፈር ሆኑ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህም ከመካከለኛው ከተማ ተነሥቶ ወደ ፎቅ ቤት የገባው ሰው ብዙ ነው። ከእኛም አባላት የሄዱ አሉ።

እንግዲህ በዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን አልመረጠም፤ ዕጣው መረጠለት። እኔ የምናገረው ለሚመርጠው ሰው ነው። ይኸውም መሸጥ ከተፈቀደለት ባለ ቤት ላይ ለሚገዛው፣ ከቤት አልሚ ድርጅት ገና በወረቀት ላይ ያለውን ለሚዋዋለው፣ በማኅበር ተደራጅቶ ለሚያሠራው ነው። ስለ ካርታው፣ ስለ ዕዳና ዕገዳው፣ ስለ ውሉ ሕግ ዐዋቂ ጠይቁ፤ እኔ አልገባበትም። የእኔ ነገር ስለ ክፍሎቹ አቀማመጥ ብቻ ነው።

ሰው ቤት ሊገዛ ሲሄድ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ባለ ስንት መኝታ ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ስንት ካሬ ነው?» ይላል። ከዚያ ሴራሚኩን ያያል፣ ቀለሙን ያያል፣ መስኮቱን ከፍቶ «አየሩ ደስ ይላል» ይልና ቀብድ ይሰጣል። ይህ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ግን ዋናው ጥያቄ ቀርቷል። ዋናው ጥያቄ፣ ድሮ በግቢያችን ውስጥ የምንሠራው ሥራ በዚህ ቤት ውስጥ የት ሊሠራ ነው? የሚለው ነው።

እስቲ የድሮውን ቤታችንን አስቡት። ቤቱ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበር፤ ያም ሆኖ ሰባትና ስምንት ሰው ኖረንበታል፣ ልጅ ድረንበታል፣ ሬሳ አውጥተንበታል። ይህ የሆነው ቤቱ ሰፊ ስለ ነበረ አይደለም፤ የቤቱን ግማሽ ሥራ ግቢው ይሠራለት ስለ ነበረ ነው። እንጀራ የሚጋገረው ከደጅ ማድ ቤት ነው። ልብስ የሚታጠበውና የሚሰጣው ግቢ ነው። በርበሬ የሚሰጣው፣ ጤፍ የሚነፋው፣ ከሰል የሚቀጣጠለው፣ የበዓል በግ የሚታሰረው፣ ልጅ የሚሯሯጠው፣ ሽማግሌ ፀሐይ የሚሞቀው፣ ድንኳን የሚተከለው ሁሉ ግቢ ነው። ፎቅ ላይ ስንወጣ ቤቱ ተሻለ፤ ውኃ በቧንቧ ገባ፤ መጸዳጃው የግል ሆነ። ግቢው ግን ቀረ። ሥራው አልቀረም።

በመሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ሲዛወር ርክክብ አለ። እያንዳንዱ ዕቃና ፋይል ለማን እንደ ተላለፈ ተጽፎ ይፈረምበታል። ቤት ስንገዛም እንደዚሁ ነው። በወረቀት ላይ የግቢውን ሥራ አንድ በአንድ ጻፉ። ከፊት ለፊቱ በአዲሱ ቤት ውስጥ የሚረከበውን ቦታ ጻፉ። ተረካቢ ያልተገኘለት ሥራ ካለ ያ ሥራ ሳሎን ውስጥ መሠራቱ አይቀርም። ሳሎኑ በርሜል ማስቀመጫም፣ ልብስ ማስጫም፣ ሽንኩርት መክተፊያም የሆነበትን ቤት ሁላችሁም አይታችኋል። ባለቤቷ ዝርክርክ ሆና አይደለም፤ ቤቱ ቦታ አልሰጣትም።

አሁን ወደ ፕላኑ እንሂድ። ፕላን ማንበብ ከባድ አይደለም። ጣራው ተነሥቶ ከላይ ወደ ታች ቤቱን እንደምናይ አድርገን እናስበው። ወፍራሙ መስመር ግድግዳ ነው። የክብ ሩብ የመሰለችው ቅስት በሩ ወዴት እንደሚከፈት ታሳያለች። ግድግዳው ላይ ቀጫጭን መስመር ሲታይ መስኮት ነው። ጥግ ላይ የተሳለው ቀስት ሰሜንን ያመለክታል። ከታች 1፡100 የሚል ካለ ወረቀቱ ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ 1 ሜትር ነው ማለት ነው። 1፡50 ከሆነ 2 ሳንቲ ሜትሩ 1 ሜትር ነው። ታዲያ አንድ ነገር ልብ በሉ። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ወይም በስልክ የተላከ ፕላን ሲያንስና ሲተልቅ ልኬቱን ይስታል፤ በማስመሪያ ሊለካ አይገባም። እመኑበት የምላችሁ የተጻፈውን ቁጥር ነው። እሱንም ቢሆን ከግድግዳ እምብርት እስከ ግድግዳ እምብርት ነው ወይስ ከውስጥ እስከ ውስጥ? ብላችሁ ጠይቁ። ከእምብርት እስከ እምብርት 3 ሜትር የተባለ ክፍል፣ ግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ውስጡ 2 ሜትር ከ80 ነው፤ ልስኑ ደግሞ ከዚያ ላይ ይቀንሳል።

የካሬው ነገርም እንዲሁ ነው። ሻጩ «70 ካሬ» ሲል ግድግዳውን፣ በረንዳውን፣ አንዳንዴም ከደረጃውና ከመተላለፊያው የሚደርሰውን ድርሻ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቤት ስታወዳድሩ ሁለቱም በአንድ ዓይነት አቆጣጠር የተለኩ መሆናቸውን አረጋግጡ።

ለምሳሌ ያህል ሁለት ቤት በወረቀት ላይ ላስቀምጥ። ቤት «ሀ» 70 ካሬ ባለ ሦስት መኝታ ነው፤ ቤት «ለ» 62 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ለሒሳብ እንዲቀለን ብቻ ካሬው 50,000 ብር ነው እንበል። «ሀ» 3,500,000 ብር፣ «ለ» 3,100,000 ብር ይሆናሉ። ነገር ግን «ሀ» ውስጥ 1 ሜትር ከ20 ስፋትና 6 ሜትር ከ50 ርዝመት ያለው ኮሪደር አለ፤ ሲባዛ 7.8 ካሬ ነው። አልጋም ወንበርም አይቀመጥበትም፤ ይታለፍበታል ብቻ። ለመተላለፊያ የተከፈለው 390,000 ብር ነው። የ«ለ» ኮሪደር 1 ሜትር ከ20 በ1 ሜትር ከ50 ነው፤ 1.8 ካሬ። ኮሪደሩን ስንቀንስ «ሀ» 62.2፣ «ለ» 60.2 ይቀራቸዋል። እንግዲህ በ400,000 ብር ብልጫ የተገዛው መኖሪያ 2 ካሬ ሆነ ማለት ነው! ሦስተኛው የ«ሀ» መኝታ 2 ሜትር በ2 ሜትር ከ40 ሆኖ መስኮቱ የሚያየው ጠባብ የአየር መውጫ ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ፣ ስሙ መኝታ ነው እንጂ ግብሩ ዕቃ ቤት ነው።

አሁን ክፍል በክፍል እንመልከት።

1ኛ/ ሳሎን። ሳሎን ገብታችሁ የበሮቹን ብዛት ቁጠሩ። የመግቢያው፣ የመኝታው፣ የማድ ቤቱ፣ የባኞ ቤቱና የበረንዳው በር ሁሉ በየአቅጣጫው ሳሎን ላይ የተከፈቱ ከሆነ ያ ሳሎን መንገድ ነው። ስፋቱ በቁጥር ደህና ቢሆንም ሶፋ የሚደገፍበት ግድግዳ አይገኝለትም። ሶፋ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል፤ በፊቱ ጠረጴዛና ሰው የሚያልፍበት ቢያንስ 70 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ደኅናው ሳሎን በሮቹ ወደ አንድ ወገን ተሰብስበው ሁለት ሙሉ ግድግዳ የተረፈው ነው። ቡናው የሚፈላበት፣ ረከቦቱ የሚቀመጥበት ጥግም አብሮ ይታይ።

ሌላው እንግዳው ነው። በለቅሶ ጊዜ ሰው ይመጣል፤ በዓልም ይመጣል። እንግዳው እጁን ለመታጠብ ሲነሣ በመኝታ ቤት ውስጥ ማለፍ አለበት? የባኞ ቤቱ በር ሲከፈት ማዕዱ ላይ ያፈጣል? ይህን በእግራችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት። ከመግቢያው ተነሡና እንደ እንግዳ፣ ቀጥሎ እንደ ቤት ልጅ፣ ቀጥሎ እንደ በሽተኛ ሆናችሁ ሂዱ። ዓይን ያታልላል፤ እግር አያታልልም።

2ኛ/ ማድ ቤት። እዚህ ላይ እናቶችን ሳይጠይቅ የሚፈርም ወንድ ጥፋተኛ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳህኑ ብቻ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከነእግሩና ከነክፈፉ ከዚያ ይበልጣል። አክንባሎው ተነሥቶ የሚቀመጥበት፣ የሊጡ ባልዲ፣ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ፣ ጋጋሪዋም የምትቆምበት ቦታ ያስፈልጋል። ምጣዱን ጥዶ ማቀዝቀዣው የማይከፈት ከሆነ ማድ ቤቱ ለሻይ ብቻ ተሠርቷል ማለት ነው።

ኤሌክትሪኩንም ጠይቁ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ስናካፍለው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ይህ የአንድ ተራ ሶኬት የመጨረሻ ዐቅሙ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን የራሱ መስመርና የራሱ ማጥፊያ ያለው መሆን ይገባዋል። በማከፋፈያ ገመድ ላይ ምጣድና ምድጃ አብሮ መሰካት ቤት ያቃጥላል።

ከሰልን በሚመለከት ይህን አደራ እላለሁ። የከሰል ጭስ ከጠፋም በኋላ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ይወጣል፤ ሽታ የለውም፣ መልክ የለውም፣ ሰው በእንቅልፉ ይገድላል። በግቢ ቤት ነፋሱ ይወስደው ነበር። በፎቅ ቤት በርና መስኮቱ ግጥም ስለሚል አይወስደውም። ስለዚህ ማድ ቤቱ ወደ ውጭ የሚከፈት የራሱ መስኮት ወይም በረንዳ ይኑረው። ብዙ ሰው ክፍል ለማግኘት ብሎ በረንዳውን በመስተዋት ይዘጋዋል። ከበረንዳው ኋላ ማድ ቤቱ ካለ የዘጋው የማድ ቤቱን መተንፈሻ ነው።

3ኛ/ ውኃና ባኞ ቤት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል የቤት ዕቃ ነው፤ ሻጩ ግን ፕላኑ ላይ አይስለውም። 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሞላ ውኃው ብቻ 200 ኪሎ ይመዝናል። ከቧንቧው አጠገብ፣ ወለሉ ወደ ፍሳሽ ዘቅዘቅ ባለበት፣ ቢፈስም ጎረቤት ላይ በማይወርድበት ቦታ መቀመጥ አለበት። የባኞ ቤቱንና የማድ ቤቱን ግድግዳ ተመልከቱ። ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ከሆኑ የውኃው ቧንቧ ባንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ሲበላሽ ለመጠገን ይቀላል። አንዱ ከወዲያ አንዱ ከወዲህ ከሆነ ግን ቧንቧው በሳሎንና በመኝታ ወለል ሥር ይሄዳል፤ ሲያፈስ ሴራሚክ መንቀል ይመጣል።

4ኛ/ መኝታ። ለምሳሌ 2 ሜትር ከ80 በ3 ሜትር የሆነ መኝታ እንውሰድ። ባለ 1 ሜትር ከ50 አልጋ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ራስጌውን ከግድግዳ ስናስጠጋው ከ3 ሜትሩ 1 ሜትር ከ10 ይተርፋል። ቁም ሣጥን 60 ሳንቲ ሜትር ይወስዳል፤ የቀረው 50 ሳንቲ ሜትር ነው። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ሰው መቆሚያ የለውም። በዚህ ላይ የክፍሉ በር ወደ አልጋው የሚከፈት ከሆነ ጨርሶ አይሆንም። ምናልባት ያው ክፍል በሩ ጥግ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይበቃ ነበር። እንግዲህ የክፍሉ ስፋት ብቻ ሳይሆን የበሩ ቦታ ጭምር ይወስናል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የአልጋችሁን፣ የቁም ሣጥናችሁን፣ የሶፋችሁን ልክ በ1፡50 ከካርቶን ቁረጡ፤ አልጋው 3 ሳንቲ ሜትር በ3 ሳንቲ ሜትር ከ8 ይሆናል። ፕላኑን በተጻፈው ቁጥር በዚያው ልክ በደብተር ላይ ሥሉና ካርቶኑን አንቀሳቅሱበት። የልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ስንት መቶ ሺሕ ብር ያድናል።

ፀሐዩንም አትርሱ። አዲስ አበባ ደጋ ነው፤ ክፍል ይቀዘቅዛል። ከነሐሴ መጨረሻ ገደማ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ያዘነብላል። በሰሜን በኩል ብቻ መስኮት ያለው ክፍል በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ፀሐይ አያገኝም። የምሥራቅ መስኮት ያለው መኝታ የጧት ፀሐይ ስለሚያገኝ ለሽማግሌና ለሕፃን መልካም ነው።

5ኛ/ ደረጃና በር። ይህ ለእኛ ለዕድሜ ባለጸጎች ዋናው ነው። የ20/80 ባለ 4 ፎቅ ሕንፃዎች አብዛኞቹ አሳንሰር የላቸውም። አንዱ ፎቅ 3 ሜትር፣ አንዱ እርከን 17 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአንድ ፎቅ 18 ያህል እርከን ይደርሳል፤ 4ኛ ፎቅ 72 እርከን ነው። 4ኛ ፎቅ ርካሽ ነው ብለው የገዙ አንድ አባታችን ከዓመት እስከ ዓመት ለበዓልና ለሐኪም ብቻ ሲወርዱ አይቻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቀረባቸው፤ ዕድርም በልጃቸው ይልካሉ። ቤቱ ባለ ሦስት መኝታ ነበር። ለእሳቸው ግን ምድር ላይ ያለ አንድ ክፍል ይበልጥባቸው ነበር። ሊፍት አለው በተባለውም ሕንፃ ቢሆን መብራት ሲጠፋ የሚያሠራው ጄኔሬተር አለው ወይ? ብላችሁ ጠይቁ።

በሩንም ለኩ። የባኞ ቤት በር ብዙ ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር ይደረጋል። ተሽከርካሪ ወንበር እንዲያልፍ የበሩ ክፍተት 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። ዛሬ ደህና ነን፤ ነገ ግን ከመካከላችን ማን በማን ተደግፎ እንደሚገባ አይታወቅም።

ቀጥሎ የምለውን ሟርት አታድርጉብኝ፤ ዕድርተኛ ካልተናገረው ማን ይናገረዋል? ቃሬዛም ሆነ ሣጥን 2 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮሪደር በቀጥታ ማዕዘን ወደ ሌላ 90 ሳንቲ ሜትር ኮሪደር ሲታጠፍ ይህ ቃሬዛ ጋደም እንዳለ አይዞርም። ሁለቱም 1 ሜትር ከ20 ከሆኑ ይዞራል። ሬሳውን አቁሞ ማውረድ ለቤተሰቡ እንዴት ያለ ኀዘን እንደ ሆነ የተሸከማችሁ ታውቁታላችሁ። በነፍስ ያለውን በሽተኛ ለማውረድም ያው ነው፤ ወጌሻም አምቡላንስም ደርሶ ደረጃው ላይ ሰዓት ይባክናል። ስለዚህ ከዋናው መኝታ እስከ ደረጃው እያንዳንዱን መታጠፊያ በሜትር ለኩ።

6ኛ/ ከበሩ ውጭ ያለው። በኮንዶሚኒየም ሰፈር «ኮሚናል» የምንለው የጋራ መገልገያ ሕንፃ የተሠራው በግ ለማረድ፣ ድግስ ለመደገስ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብና ለመሰብሰብ ነው። ፎቅ ላይ የማይሠራውን የግቢ ሥራ የሚረከበው እሱ ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ ኮሚናሉንም ሄዳችሁ እዩ። ይሠራል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ለሌላ አገልግሎት ተሰጥቶ እንደ ሆነስ? ድንኳን የሚተከልበት ባዶ ቦታ በሕንፃዎቹ መካከል ቀርቷል ወይስ መኪና ሞልቶታል? ይህን ከሻጩ ይልቅ የሰፈሩን ነዋሪዎችና የሰፈሩን ዕድር ጠይቁ።

7ኛ/ የሚለወጠውና የማይለወጠው። አንዳንዱ ሰው «ግዴለም፣ ገብቼ አፈርሰዋለሁ፣ አስተካክለዋለሁ» ይላል። ቀለም ይለወጣል፤ ሴራሚክ ይለወጣል፤ የቁም ሣጥን ቦታም ይለወጣል። ዓምድና ወራጅ ግን አይነካም፤ የሕንፃው ሸክም በሱ ላይ ነው። ደረጃው፣ ጣራው፣ የውጩ ግድግዳ የጋራ ናቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን አያዝባቸውም። የፍሳሹ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች ባንድ መስመር ስለሚወርድ ባኞ ቤት ወደፈለጉት ቦታ አይዛወርም። እንግዲህ ቤት ስንመርጥ በማይለወጠው እንምረጥ፤ ማለት በፎቁ ከፍታ፣ በመስኮቱ አቅጣጫ፣ በባኞ ቤቱና በማድ ቤቱ ቦታ፣ በመታጠፊያው ስፋት። የሚለወጠው ቢያስቀይምም ቀስ እያለ ይስተካከላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ሁሉም የተሟላለት ቤት አለ ማለቴ አይደለም። በኪሳችን ልክ ስንፈልግ አንዱ ሲሟላ አንዱ ይጎድላል። ያን ጊዜ ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማን ነው? ብለን እንመዝን። ልጅ የምታሳድግ ወጣት ባለ ትዳር ደረጃ ብትወጣ አይከፋትም፤ ማድ ቤትና የልብስ መስጫ ግን ያስፈልጋታል። ወንድና ሴት ልጆች ያደጉበት ቤተሰብ ትንሽም ብትሆን ሁለተኛዋ መኝታ ትበልጥበታለች። ለእንደኛ ላለ ሽማግሌና አሮጊት ግን ክፍል ቀንሶ ታች ፎቅ መግዛት ብልኅነት ነው። ልጆቻችንም ሲገዙልን «ለእማዬ ባለ ሦስት መኝታ» ብለው በክፍል ቁጥር እንዳያከብሩን፣ በእግራችን ወጥተን የምንገባበትን እንዲሹልን አስቀድመን እንንገራቸው።

በመጨረሻ ለጉባዔው ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

ሀ/ ከአባላቱ ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት ለዕድሩ ጽሕፈት ቤት ቢያስታውቅ፣ አብሮት ሄዶ የሚያይና የሚለካ ሁለት ሰው ይመደብለት። አንደኛዋ እናት ትሁን፤ ማድ ቤቱን እሷ ታያለች። እኔም ጉልበቴ እስከ ፈቀደ ድረስ እሄዳለሁ።

ለ/ የግቢውን ሥራና ተረካቢውን ቦታ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቅጽ ተዘጋጅቶ በጽሕፈት ቤቱ ይቀመጥ። ማዘጋጀቱን እኔ እችላለሁ፤ አንድ ባለ 5 ሜትር ሜትር ግን ከዕድሩ ይገዛ።

ሐ/ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡት አባሎቻችን በየሰፈራቸው ድንኳን የት እንደሚተከልና ኮሚናሉ ይሠራ እንደሆነ አጣርተው ለጸሐፊው ያስመዝግቡ። ድንገት ሲደርስ መኪና ጭነን ሄደን ቦታ ከመፈለግ ያድነናል።

የተከበራችሁ አባላት፣ ግቢያችን ቢቀርም እርስ በርስ መጠያየቃችን አልቀረም። ቤት ገዝቶ የሚገባ ሁሉ ጤና፣ በረከትና መልካም ጎረቤት ይግጠመው።